ዳቦ በለስላሳ፦ በከተማው ዳር ጥርስ የሚያልቀው እንዴት ነው?

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግንባታ ወዳለበት ሰፈር ጎራ በሉ። የቀን ሠራተኞች ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። የብዙዎቹ ምሳ አንድ ዓይነት ነው፤ ዳቦ በለስላሳ። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ምግብ ቤት ገብቶ መብላት ከቀኑ ሒሳብ ላይ ብዙ ይቆርጣል። ለስላሳው ደረቁን ዳቦ ያወርዳል፣ ጥም ይቆርጣል፣ እስከ ማታ የሚያደርስ ጉልበትም የሚሰጥ ይመስላል። በዚያ ላይ በከተማው ዳር ባሉ ብዙ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሱቁ ግን ሁሌም ክፍት ነው።

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ለስላሳ ድሮ የሠርግና የዓመት በዓል መጠጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ሱቅ ተልኮ የሚገዛ ነገር ነበር። አሁን የምሳም፣ የውሃም፣ የእረፍትም ምትክ ሆኗል።

ስለ ጥርስ የሚሰጠው ምክር ግን ይህን ኑሮ የሚያውቅ አይመስልም። «ጣፋጭ ቀንሱ» ይባልና ያልፋል። ምክሩ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ለስላሳውን ምሳ ላደረገ ሰው ምንም አይፈይድለትም። እኔ ከዚህ ቀድሞ መታወቅ አለበት የምለው ሌላ ነገር ነው። ጥርስን የሚጨርሰው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ስኳሩ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት አፍ ውስጥ እንደሚቆይ ጭምር ነው። ይህን የተረዳ ሰው ለስላሳን ጨርሶ ባይተው እንኳ ብዙ ጥርሱን ማትረፍ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፋችን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ከእነሱ መካከል በጣም የታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። ስኳር ሲያገኝ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥርስ ላይ የሚያጣብቀውን ዝልግልግ ነገር ይሠራል፤ ላክቲክ አሲድም ያመርታል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰውነታችን ካሉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። የተሠራው በዋናነት ከካልሲየምና ከፎስፌት ማዕድን ነው። ጥንካሬው ግን አሲድን አይችልም። ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) አፍ ውስጥ ያለው መጠን ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል።

ስኳር ያለው ነገር በጠጣን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እዚያ እንደርሳለን። ከዚያ ምራቅ ሥራውን ይጀምራል። አሲዱን ያረክሳል፤ የሟሟውንም ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ለዚህ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ጊዜ ከተሰጠው ጥርስ ይጠገናል። ካልተሰጠው ግን ማዕድኑ ሳይመለስ እንደገና ይሟሟል።

አሁን ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ ለስላሳውን ከምሳው ጋር በአሥር ደቂቃ ጠጥቶ ጨረሰ። ሌላው ያንኑ ጠርሙስ መሪው አጠገብ አስቀምጦ ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጉንጭ እያለ ጠጣ። የጠጡት ስኳር እኩል ነው። የመጀመሪያው ጥርስ አንድ ጊዜ ተጠቅቶ አገገመ። የሁለተኛው ግን ለሰዓታት አሲድ ውስጥ ዋለ። ለዚህም ነው የሚኒባስና የሲኖትራክ ሹፌሮች፣ ሱቅ ጠባቂዎች፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው የምለው። ጫት የሚቅሙማ ጉዳያቸው ከዚህም ይከፋል። ቅጠሉ አፍ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፤ ምሬቱን ለማለስለስ ለስላሳው ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ አብሮ ይጎነጫል።

ይህ ከድሮም የሚታወቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ቪፔሆልም በሚባል ተቋም ጥናት ተደርጎ ነበር። ጥናቱ የተሠራው የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸውና «እሺ» ወይም «እምቢ» የማለት ዕድል ባልተሰጣቸው ሰዎች ላይ ነው። በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ ይወገዛል፤ መወገዝም አለበት። ያሳየው ውጤት ግን የማያሻማ ነበር። ስኳር ከምግብ ጋር ሲወሰድ የጥርስ መበስበስ ብዙም አልጨመረም። የሚያጣብቅ ጣፋጭ በምግብ መሃል መሃል ሲሰጥ ግን እጅግ አሻቀበ።

ብዛቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ስኳር ያለው ለስላሳ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም አካባቢ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ይጠጋል ማለት ነው። በሻይ ማንኪያ ከተለካ ሰባት ማንኪያ ተኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። በዚያ ላይ ኮላዎች ገና ከጠርሙሱ ሲወጡ ፒኤቻቸው 2.5 አካባቢ ነው። ባክቴሪያው ሥራ ሳይጀምር መጠጡ ራሱ አሲድ ነው።

«ዜሮ» የሚባሉት ስኳር አልባ ለስላሳዎች ባክቴሪያውን አይመግቡም። በዚህ በኩል ይሻላሉ። አሲዳቸው ግን አለ፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚጎነጩ አይደሉም። ማልት ግን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። አልኮል ስለሌለውና ከገብስ ስለሚሠራ እንደ መድኃኒት ይታያል። አራስ ጥየቃም፣ ሆስፒታልም ይዘነው እንሄዳለን። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የስኳር መጠን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከለስላሳ አይርቁም። የታሸገ ጁስም እንደዚያው ነው። ብርዝም ከማር ስለሆነ ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው። አምቦ ውሃ ግን ስኳር የለውም። የሚያፍነሸንሽ ነገር ለለመደ ሰው ጥሩ መሸጋገሪያ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የሕፃናቱ ነው። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ጁስ በጡጦ ተሞልቶ ይሰጣቸዋል። አፋቸው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚከላከል ነገር የለም። መጀመሪያ የሚጎዱት የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶቹ ቡናማ ሆነው፣ ተሸራርፈው ይታያል። እናት ሥራ ትውላለች፤ ልጁን የምትይዘው ሞግዚት ወይም ታላቅ እህት ናት፤ ጡጦው ዝም ያሰኛል። ማንንም መውቀስ አልፈልግም። ጡጦው ግን ለማታ ውሃ ብቻ ቢይዝ የልጁ ጥርስ ይተርፋል።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጥፋት አድርሷል። የወተት መንጋጋዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ልጁ የሚያኝከው በእነሱ ነው። የሚተካቸውን ጥርስ ቦታ የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ጥርስ ሲመጣ መውጫ ያጣል።

ሌላም ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ በየጎኑ አንድ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም። ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ግን ቋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ላዩ ላይ ጠባብና ጥልቅ ስርጉድ መስመሮች አሉት፤ ብሩሽ እዚያ በደንብ አይገባም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ከበር ላይ ጣፋጭና ለስላሳ መግዛት የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው። እነዚህን መስመሮች የሚደፍን ስስ ሽፋን የጥርስ ሐኪም መቀባት ይችላል። አያምም፣ መርፌ የለውም፣ መቦርቦርም የለውም። የስድስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ በስልካችሁ መብራት አፉን እዩለት።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ ትልቁ መሣሪያ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። ፍሎራይድ ከጥርሱ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ አሲድን የበለጠ የሚቋቋም ያደርገዋል። የሟሟው እንዲመለስም ያግዛል። ካርቶኑ ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) ፍሎራይድ የሚል ፈልጉ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በቀን ሁለት ጊዜ ይፋቅ፤ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ ከውሃ በስተቀር ምንም አይወሰድ። ሌላው ነገር፣ ከፋቃችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ አፋችሁን በውሃ አትጉመጥመጡ። የቀረው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ሆኖ ይሠራል። ይህ ለብዙዎቻችን የማይዋጥ ነገር ነው፤ ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው።

ለስላሳ ጠጥቶ ወዲያው መፋቅም አይመከርም። አሲዱ ሽፋኑን ለጊዜው ያላላዋል። ያን ጊዜ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይሻላል፤ ብሩሹ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይምጣ። በጀሪካን ውሃ የሚኖር ሰውም ቢሆን ለዚህ የሚበቃ አንድ ሁለት ጉንጭ አያጣም።

መፋቂያስ? የወይራ መፋቂያ በደንብ ከተያዘ የጥርሱን ፊት ያጸዳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በከንቱ አልያዙትም። ግን እነሱ ለስላሳ እየጠጡ አልነበረም። መፋቂያ ውስጥ ፍሎራይድ የለም፤ ኋላ ያሉትን መንጋጋዎችም ማዳረስ ይከብደዋል። ቀን መፋቂያውን፣ ማታ ብሩሹንና ሳሙናውን የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም አገኘ።

ፍሎራይድን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወደ ከተማው ዳር ከመጡት ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ያደጉት በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ። እዚያ የከርሰ ምድሩ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በጣም ይበልጣል። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ተዥጎርጉሮ፣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ፍሎሮሲስ ይባላል፤ ከመበስበስ የተለየ ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ ግን ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ያደገ ልጅ ሳሙናውን ሳይውጥ በመጠኑ ቢጠቀም የሚያሰጋው ነገር የለም። ይልቁንም የሚጎዳው ፍሎራይዱን ማጣቱ ነው።

የተበላሸስ ይጠገናል ወይ? ይህ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ይወሰናል። መጀመሪያ የሚታየው ጉድጓድ አይደለም። ድድ አጠገብ ወይም ሁለት ጥርስ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ኖራ የመሰለ፣ የማያበራ ነጭ ነገር ነው። እዚህ ደረጃ ላይ መቦርቦርም መሙላትም አያስፈልግም። ለስላሳው በምግብ ሰዓት ብቻ ከተወሰነ፣ ማታ ማታ በፍሎራይድ ሳሙና ከተፋቀ፣ ሐኪሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባለውን የጥርስ ቅባት ከቀባው ሊመለስ ይችላል። ምንም ስለማያም ግን በዚህ ጊዜ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሽፋኑ ከተበሳ በኋላ የወጣው ተመልሶ አይበቅልም። መሞላት አለበት። ቀዝቃዛ ሲጠጣ ይነዝራል፤ ጣፋጭ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ልናውቀው የሚገባ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛንያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ባለሙያው የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጠርጋል፤ ከዚያ ግላስ አዮኖመር በሚባል፣ ራሱም ፍሎራይድ በሚለቅ ማጣበቂያ ይሞላዋል። ሞተር አይጠይቅም፣ መብራት አይጠይቅም፣ ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልግም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ጤና ጣቢያ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ሕክምና አላውቅም።

ሌላው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ነው። የተበላሸው ቦታ ላይ ጠብ ሲደረግ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ መበስበሱንም ያስቆማል። ጉድለቱ ቦታውን ጥቁር ማድረጉ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ለማይል የሦስት ዓመት ልጅ የኋላ ጥርስ ግን ጥቁረቱ ከሥቃዩ ይሻላል። ይህ ፈሳሽ፣ ግላስ አዮኖመር እና የፍሎራይድ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሐኪማችሁን ስለ እነሱ መጠየቅ አያስነውርም።

መበስበሱ ነርቩ ጋ ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል። ሌሊት ያለ ምክንያት የሚነሳ፣ ጆሮና ጭንቅላት ድረስ የሚዘልቅ ሕመም ይመጣል። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ የሥር ሕክምና (የጥርሱን ውስጥ ከነነርቩ አጽድቶ መሙላት) ወይም መንቀል ነው። የሥር ሕክምና ብዙ ምልልስ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ለመንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚገጠም ሰው ሠራሽ ሽፋን (ክራውን) ያስፈልገዋል። ወጪው ከመሙላት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከከተማው ዳር ተነስቶ በታክሲ ደጋግሞ መሃል ከተማ የሚመላለስ የቀን ሠራተኛ ደግሞ በየምልልሱ የቀኑን ገቢ ያጣል። ስለዚህ ይነቅላል። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሦስት አራት መንጋጋ ያጣ ወጣት የምናየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ክፉኛ ሲያም የነበረው ጥርስ ድንገት ዝም ይላል። ሰውዬው ዳነልኝ ይላል። ብዙ ጊዜ የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት እየወረደ ይቀጥላል። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛው አሞክሳሲሊን እብጠቱን ለጊዜው ያበርደው ይሆናል፤ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስለሆነ ግን ይመለሳል። ቅርንፉድ ለጥቂት ሰዓት ያደነዝዛል፤ እሱ ይሁን። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥላል። ከአገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ እብጠት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ከከበደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ያ ሌሊቱን የሚያሳድር አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ሰው ይገድላል።

የትም ብትታከሙ መሣሪያው ከታሸገ ፓኬት ሲወጣ ማየት መብታችሁ ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ ባልጸዳ መሣሪያ ይተላለፋሉ። ርካሽ ነው ተብሎ እዚህ ላይ አይቀለድም።

እስካሁን የተናገርኩት እያንዳንዱ ሰው ስለሚያደርገው ነው። ሸክሙን ሁሉ ሰውዬው ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አስወጥቷል። ለስላሳ ግን እንደ ልቡ ይተዋወቃል፤ ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ሱቆች ሳይቀሩ በለስላሳ ቀለምና ምልክት የተቀቡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳን ይጨምራል። ታክሱ ግን የሚታሰበው በዋጋው ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምታስከፍለው በስኳሩ ግራም ልክ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ4 ግራም ያለፈው ይከፈልበታል። ፋብሪካዎቹም ስኳሩን ቀነሱ። እኛም ወደዚያ ብንሄድ ለስላሳውን መተው ያልቻለው ሠራተኛ እንኳ የሚጠጣው ስኳር ይቀንስለት ነበር።

ከሁሉ ቶሎ የሚሠራው ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ይመስለኛል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ አለ። ልጆቹ ተሰልፈው ይታጠባሉ፣ ይበላሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በቀን አንዴ በቡድን ሆነው ጥርሳቸውን በፍሎራይድ ሳሙና ይፍቃሉ፤ የሚመሯቸው መምህራኖቻቸው ናቸው እንጂ ሐኪም የለም። እዚህም ከምገባው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው አንድ ብሩሽ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙናና ሁለት ደቂቃ ነው። ተፍቶ አለመጉመጥመጥ ስለሆነ የሚመከረው ውሃ እንኳ ብዙ አይፈጅም። ለሁሉም ክፍል በአንዴ ማዳረስ ካልተቻለ ከአንደኛ ክፍል ይጀመር፤ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ የሚበቅለው ያኔ ነው።